የሙሳን ሰደቃ የት አኖርኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ እሷ የደበቅኩትን ሁሉ ከፊቴ ላይ የምታነብ ሴት ናት፣ ይህን ግን አላነበበችውም። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም። ለአላህ ነግሬዋለሁ፣ ያውም ስንት ጊዜ። ነገር ግን እኛ ዘንድ የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፣ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ ራሱ አውፍ ካላለህ፣ ይቅር ካላለህ፣ ማንም አያነሳልህም። የእኔ በደል የሰው ሐቅ ነው። ባለሐቆቹም ሁለት ናቸው፤ አንደኛው እኔ ስበድለው ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ሳልነግራት ሞተች። ታዲያ ለማን ልንገር? ለአንተ ለምታነበኝ እነግርሃለሁ። አንቱ ሳልል አንተ ማለቴን አትቀየመኝ፤ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እኛ ጋ አንተ የሚባል ሰው የቀረበ ሰው ነው።

በደሉን አስቀድሜ ልናገረውና ልገላገል፤ አለበለዚያ እያሳመርኩ እሄዳለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። አንዲት ልጅ ለሞተ አባቷ ሰደቃ እንዲሆን ብላ የሠራችውን ነገር፣ ሁሉም ሰው የሚያገኝበት ቦታ አድርግልኝ ብላ ሰጠችኝ። እኔ የራሴ ቦታ ውስጥ አኖርኩት። ለአባቷ የሚገባው ምርቃት ለእኔ አባት ሲመረቅ፣ እኔ አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። በደሌ ይህ ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወደ ማብቂያው ገደማ። ድሬዳዋ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስልህ ትልቅ ሰው እንዳይመስልህ፤ ከእኔ በታች አንድ ረዳት ነበር፣ ከእኔ በላይ ደግሞ ፋብሪካው በሙሉ። ኮምፒውተር ሲባል ዛሬ ሰው ሁሉ ይዞት የሚዞረው ነገር ትዝ ይልህ ይሆናል። የእኛ አንድ ነበር፣ ቁምሳጥን የሚያህል፣ ሙቀት የማይወድ። ሙቀት የማይወድ ነገር ድሬዳዋ ምን ሊሠራ መጣ አትበለኝ፤ እኛም ብለን ነበር። ለእሱ ሲባል አንድ ቀዝቃዛ ክፍል ተሠራ፣ ከቀትር በኋላም የፋብሪካው ሰው ሁሉ ድንገት የኮምፒውተር ጥያቄ ይኖረው ጀመር።

ከዚያ ቁምሳጥን ሽቦ እየተሳበ ወደ መጋዘን፣ ወደ ደመወዝ ክፍል፣ ወደ ትራንስፖርት ይሄዳል። እዚያ ያሉት ሠራተኞች ፊታቸው ያለው ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ነው፤ የሚሠራው አንዱ ማሽን ነው። በማሽኑ ሆድ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው በስሙ የተሰየመ ክፍል አለው። ከእነዚህ ሌላ አንድ የጋራ ክፍል አለ፤ እዚያ የተቀመጠ ፕሮግራም ማንንም ሳያስፈቅዱ ከየትኛውም ስክሪን ይከፈታል። የቀበሌ ቦኖ በለው፤ ጀሪካን ይዞ የመጣ ሁሉ ይቀዳል። የትኛው ፕሮግራም የጋራው ክፍል ይግባ፣ የትኛው በማን ክፍል ይቀመጥ፣ ማን ይክፈተው የሚለውን የምወስነው እኔ ነበርኩ። ትንሽ ሥልጣን ናት። ትንሽ ሥልጣን ሰውን እንዴት እንደምታደርገው አንተም ሳታይ አልቀረህም።

ኢፍቱ ደመወዝ ክፍል የምትሠራ ልጅ ነበረች። አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ሥልጠና ተልካ ስትመለስ እኔ የማላውቀውን ሁሉ አውቃ መጣች፤ ያን ጊዜ አልተመቀኘኋትም፣ ይህን ልመስክርላት፣ ለራሴም ልመስክር። ደስ የምትል ልጅ ነበረች። ሳቋ ከደመወዝ ክፍል እኔ ጋ ይሰማል። ለሥራ አስኪያጁም ለእኔም «አቦ!» ነው የምትለው። ከእናቷ ጋር ኦሮምኛ፣ ከትራንስፖርቱ አብዲ ጋር ሶማልኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ታወራለች፤ ሦስታችንም አንድ ላይ ከሆንን ደግሞ ሁሉንም ትደባልቅና ሁላችንም እንረዳታለን።

አባቷ ሙሳ መጋላ፣ ገበያው ሰፈር ውስጥ፣ ሰዓት ሠሪ ነበር። ድሬ እንደምታውቀው በሦስት የቀን አቆጣጠር የምትኖር ከተማ ናት። ዕቃው ከጅቡቲ የሚመጣው በፈረንጅ ቀን ነው፣ መንግሥት የሚጽፈው በሐበሻ ቀን፣ ጾሙና ዒዱ የሚገባው በሂጅራ። ሙሳ ሦስቱንም ያውቅ ነበር። ልጇ በረመዳን መወለዱን እንጂ በሐበሻ መቼ እንደነበር የማታውቅ እናት፣ የጅቡቲ ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን መቼ እንደሆነ የጠፋበት ነጋዴ፣ ሁሉም ወደ ሙሳ ነው። ዓይኑን ከያዘው ሰዓት ሳያነሳ ይነግራቸዋል። አያስከፍልም። «አላህ ይማርህ፣ ወላጆችህን ይማርልህ» ብለውት ይሄዳሉ። እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ።

ሙሳ ሲሞት፣ ኢፍቱ እንደነገረችኝ፣ ሰው ከቀብሩም በኋላ ቀን ሊጠይቅ ሱቁ ድረስ ይመጣ ነበር። «የለም፣ ሞቷል» ሲሏቸው የሚሄዱበትን አጥተው በሩ ላይ ቆመው ይቀራሉ። ይህ ነገር ልቧን በላው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ የማይቋረጥ ሰደቃ የተተወለት ሰው ግን ሌላው በተጠቀመበት ቁጥር ምንዳው ቀብሩ ድረስ ይደርሰዋል። ያለው ሰው ለአባቱ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ መስጊድ ምንጣፍ ያነጥፋል። ኢፍቱ በአንድ ደመወዝ እናቷንና ታናናሾቿን የያዘች ልጅ፣ ምን ታምጣ? እሷ ያላት የተማረችው ነገር ብቻ ነበር። ስለዚህ የአባቷን ጭንቅላት ማሽኑ ውስጥ አስገባችው። አንዱን ቀን ስትጽፍለት ሦስቱንም የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራች፣ በምሳ ሰዓቷ እየተቀመጠች።

«ጀማል፣ ሠራሁት! ወላሂ ሠራሁት፤ ና እይልኝ» አለችኝ በቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ቆማ።

ሄጄ አየሁ። ልክ ነበር። የልጄን የልደት ቀን ጻፍኩለት፣ ሦስቱንም አወጣው። ከታች አንድ መስመር አለች። ያኔ ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም፣ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የምንጽፈው፤ «ይህን ስትጠቀሙ ለሙሳ ዱዓ አድርጉ» ትላለች።

«የጋራው ክፍል አድርገው» አለችኝ። «ሁሉም ያግኘው። የእኔን ስም አልፈልግም፣ የአባዬን ብቻ። ሰው ቀን ባየ ቁጥር አንድ ጊዜ አላህ ይማርህ ቢለው አይበቃም?»

«ኢፍቱ፣ በመንግሥት ማሽን ላይ ዱዓ?»

«አቦ ተው! ታዲያ አንተ ምን ልታደርግ ነው እዚያ የተቀመጥከው? ሰደቃ እኮ ነው፤ አስገባልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

እሺ ብዬ ነበር። ከልቤ ነበር ያልኩት፣ ወይም አሁን ሳስበው ከልቤ የነበረ ይመስለኛል። ወደ ማሽኑ ስመለስ ግን ፈራሁ። ፋብሪካችን ውስጥ የፖለቲካ ጉዳይ የሚከታተል አንድ ጓድ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ምን ተለጠፈ፣ ማን ምን አለ የሚል። ነገ መጥቶ ይህችን መስመር ቢያይስ? ማን አስገባው ቢልስ? እስካስፈቅድ ድረስ ብዬ የሙሳን መስመር አወጣኋት። ፕሮግራሙንም እስካስፈቅድ ድረስ ብዬ የጋራው ክፍል ሳይሆን የራሴ ክፍል ውስጥ አኖርኩት፣ ሰው ግን እንዲከፍተው ፈቀድኩ።

ጓዱን ጠየቅሁት? አልጠየቅሁትም። በማግስቱ አልጠየቅሁትም፣ በዓመቱም አልጠየቅሁትም። ያ ሰው ማሽኑ ውስጥ ስላለ አንድ መስመር ቀርቶ ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። እኛ ጋ የሚመጣው እንደማንኛውም ሰው ሊቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ዘመኑ ነው፣ ደርግ ነው፣ ፈርቼ ነው ብዬ ላመልጥ አልችልም። ፍርሃቴ እውነተኛ ነበር፤ ዕድሜው ግን አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ኢፍቱ በማግስቱ «አስገባኸው?» አለችኝ። ፕሮግራሙን ከእሷ ክፍል አውጥቼ ማዛወር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ቅጂውን ብቻ ወስጄ የእሷን እዚያው ትቼው ነበር። ማሽኑ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ስትጠራ መጀመሪያ የራስህን ክፍል ነው የሚያየው። ጠራችው፣ ተከፈተ። የአባቷ ስም ከታች ብቅ አለ። ኢፍቱ የጋራው መሰላት። በዚያች ሰዓት መጋዘንም ትራንስፖርትም ያለ ሰው ሁሉ ያን ስም የሚያይ መሰላት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ያች ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እኔ ከወንበሯ ኋላ ቆሜያለሁ።

«አስገባኸው» አለችኝ ዞር ብላ።

«አዎ፣ አስገብቼዋለሁ» አልኳት።

ስታለቅስ እያየሁ ዋሸኋት። ሌላውን ሁሉ በሰበብ ብሸፋፍነው፣ ይህችን በምን እሸፍናታለሁ?

ፕሮግራሙ የእኔ ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ ሊከፍተው የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የእኔን ስም መጻፍ ነበረበት። ስሜን እኔ ላዩ ላይ አልጻፍኩትም፤ ያኖርኩበት ቦታ ጻፈው። ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ሁሉ «የጀማል ካላንደር» ይለው ጀመር። መጀመሪያ ያመሰገነችኝ የመጋዘኗ እትዬ ብርቄ ነበረች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ስትረከብ ቀኑን በጣቷ እየቆጠረች፣ ጳጉሜ ላይ ስትደርስ እየተሳሳተች የምትሰቃይ ሴት ናት።

«ጀማልዬ፣ ገላገልከኝ እኮ! የአባትህን ነፍስ በገነት ያኑርልህ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልንገርህ። ይህን ካልነገርኩህ የሰረቅሁት ምን እንደሆነ አይገባህም።

አባቴ ሸሪፍ ፊናንስ ነበር፤ ኮንትሮባንድ የሚይዝ። ድሬ ደግሞ ምን በልታ እንዳደገች የታወቀ ነው። ከባቡር የሚወርዱ ሴቶች ጨርቁን በቀሚሳቸው ሥር ጠምጥመው ወፍረው ሲመጡ፣ የሚያስፈታቸው እሱ ነበር። ሥራው ነው። ጉቦ አይቀበልም ነበር፣ ይህም ይበልጥ አስጠላው። ሰው በአባቱ ስም በሚጠራበት ሰፈር እኔ «የፊናንሱ ልጅ» ነበርኩ። ሱቅ ስላክ ተሰልፌ የመጨረሻ እሆናለሁ። እቤት ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ሲያመኝ አልጋዬ አጠገብ ወለል ላይ የሚተኛ፣ የዳቦውን ለስላሳ ቦታ ለእኔ የሚሰጥ። ይህን ማን ያውቃል? ሲሞት ጀናዛው ላይ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር፣ ከጥቂቶቹም ከልቡ «አላህ ይማረው» ያለ አልሰማሁም። ያን ቀን አጎንብሼ ነው ወደ ቤት የገባሁት።

እና በዚህች ከተማ ለአባቴ የተመረቀ ምርቃት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከእትዬ ብርቄ አፍ ነው። «እትዬ፣ የእኔ አይደለም፣ የሙሳ ልጅ ናት የሠራችው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረች። አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያኖርኩት ስለወደድኩት ነው። ሰው ሁሉ ይመርቅልኝ ጀመር። አብዲ እንኳ ከትራንስፖርት ድረስ መጣ። የአብዲ እናት ከእነዚያ ከባቡር ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ አባቴ ስንት ጊዜ ጨርቋን እንዳስፈታት ሁለታችንም እናውቃለን፣ ተነጋግረንበት ግን አናውቅም። ትከሻዬን መታ አደረገኝና፣ «ዋሪያ ጀማል! ወላሂ አላህ አባትህን ጀነተል ፊርደውስ ያግባው!» አለኝ።

ይህን ያለኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ እያወቀ ነው። አብዲ አባቴን ይቅር አለው፤ በሙሳ ሥራ። ያን ቀን እቤቴ ሄጄ ምሳ አልበላሁም፣ ተደስቼም አፍሬም። ደስታው ግን ይበልጥ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

አንድ ጊዜ ኢፍቱ ጠየቀችኝ፤ «ሰው ሁሉ የጀማል ነው የሚለው፣ ለምንድነው?»

«እኔ ስላሳየኋቸው ነው» አልኳት።

ሳቀች። «ይበሉዋ! የአባዬን ስም ካዩት ምን አገባኝ» አለች።

በመሀል ወባ ጣለኝ፣ ክፉኛ። ሆስፒታል ገባሁ። እኔ ራሴ ያወጣሁት ደንብ ነበረን፤ ሰው ፈቃድ ሲወጣ ወይም ሲታመም በማሽኑ ውስጥ ያለው ክፍሉ ይቆለፋል፣ ማንም በስሙ እንዳይገባ። ረዳቴ ደንቡን አክብሮ የእኔን ቆለፈው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ካላንደሩ ከፋብሪካው ሁሉ ጠፋ። እትዬ ብርቄ ጮኸች፣ ትራንስፖርት ጮኸ። ከአንድ ስክሪን በቀር የሚከፍተው አልተገኘም፤ እሱም የኢፍቱ።

ሰው እሷ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰበ። የነገረኝ አብዲ ነው፣ ስድን ሊጠይቀኝ መጥቶ። «ያንቺ ብቻ እንዴት ሠራ?» አሏት። ስክሪኗን አዩ። ከታች ሌሎቹ አይተውት የማያውቁት መስመር አለ፣ የአባቷ ስም ያለበት። «ይሄ ደግሞ ምንድነው፣ የእኛው ላይ የለም እኮ» አሏት። ኢፍቱ፣ አብዲ እንዳለኝ፣ ትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ስክሪኑን አየች።

ያችን ዝምታ ዛሬም አስባታለሁ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሁሉንም ነገር አወቀች። የእሷ እንዳልተዛወረ፣ የአባቷን ስም ማንም አይቶት እንደማያውቅ፣ የጀማል የሚሉት ለምን እንደሆነ። አንዲት ቃል ብትናገር እኔ ከዚያች ፋብሪካ አንገቴን ቀና አድርጌ አልወጣም ነበር።

«ጀማል ነው» አለቻቸው። «አባዬ ሲሞትብኝ አዘነልኝና፣ ለማስታወሻ ብሎ አንዱን ለብቻዬ በአባዬ ስም አስቀመጠልኝ።»

አብዲ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «አንተ እኮ ልብህ ጥሩ ነው፣ ለማንም አትናገርም እንጂ» አለኝ። እኔም፣ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ዝም አልኩ። ሁለተኛ ሰረቅሁ ማለት ነው፤ አሁን ደግሞ የእሷን ደግነት።

ሥራ ስገባ መጣች። እንደ ወትሮዋ በቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ቆመች። ለጩኸቷ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ብትጮህብኝ እንዴት በቀለለኝ።

«ተሻለህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ከስተሃል» አለችኝ። ቀጥላ፣ «ጀማል፣ አሁን የጋራው ክፍል አድርገው። ሰው በታመመ ቁጥር እንዳይዘጋ።»

«የአባትሽንም ስም መልሼ…»

«ተወው እሱን። አላህ ወዴት እንደሚያደርሰው ያውቃል።» ልትወጣ ብላ ዞር አለች። «ቆይ፣ አባትህ የትኛው ሸሪፍ ነበር?»

«ፊናንሱ።»

«ሸሪፍ ፊናንሱ?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀችና ሄደች። እኔ የጠበቅሁት ስድብ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ፕሮግራሙን የጋራው ክፍል አስገባሁት፤ ከዚያ በኋላ እኔ ታመምኩ አልታመምኩ የሚከለከል አልነበረም። ይህን በማድረጌ በደሌ የቀረልኝ መስሎኝ ነበር፣ ሞኝ! የእኔን ስም መጻፍ ባያስፈልግም ሰው «የጀማል ካላንደር» ማለቱን አልተወም፤ ምርቃቱም መንገዱን አልለወጠም። እትዬ ብርቄ ጋ ሄጄ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ፣ ለአብዲ አንድ ቃል። የኢፍቱ ውሸት አስሮኛል፣ ብናገር እሷን ውሸታም ማድረጌ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ተመልከት፤ ያዳነችኝን ልጅ ሰበብ አደረግኋት።

ኢፍቱ አግብታ ሥራውን ለቀቀች። ጥቂት ቆይቶ መንግሥት ተለወጠ፣ ያ ቁምሳጥንም አረጀና በትናንሾቹ ሊተካ ሆነ። ከመዘጋቱ በፊት የሚያስፈልገውን ለማውጣት በየሰዉ ክፍል እየገባሁ ማየት የእኔ ሥራ ነበር። የእሷ ክፍል ደረስኩ። ካላንደሩ እዚያው ነው፣ እኔ ያልወሰድኩት። ከፈትኩት።

«ይህን ስትጠቀሙ ለሙሳና ለሸሪፍ ዱዓ አድርጉ።»

እዚያ ክፍል ከእሷ በቀር የሚገባ ሰው አልነበረም። ያችን መስመር የምታነበው እሷ ብቻ ነበረች። ታዲያ አድርጉ ያለችው ማንን ነው? ራሷን ነው። ሥራ እስከለቀቀችበት ቀን ድረስ፣ ቀን ባየች ቁጥር፣ የእኔ አባት ስም ከአባቷ ስም ጎን ቆሞ ይጠብቃት ነበር። እኔ የአባቷን ስም ካወጣሁበት ቦታ እሷ የእኔን አባት አስገባችው። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ያኔ ለምን አልሄድክም ትለኝ ይሆናል። ቤቷ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነበር፤ የት እንዳለች አውቅ ነበር። ስንት ጊዜ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር አገኘኋት፣ ልጆቿን ይዛ። «ጀማል፣ አረጀህ እኮ አቦ!» ብላ ትስቃለች፣ ልጆቼን በስም በስማቸው ትጠይቀኛለች። አፌን እከፍታለሁ። ስለ ሙቀቱ አወራለሁ። አውቃለች እኮ፣ ይቅር ብላለች እኮ፣ ምን ልቀስቅስ እል ነበር። እውነቱ ግን ይቅር እንዳለችኝ ከእሷ አፍ አልሰማሁም፤ ያልጠየቅሁትን እንዴት ልትነግረኝ ትችላለች? እሷ እስከመጨረሻው በሩን ከፍታ ነበር፣ ያልገባሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ኢፍቱ ሞተች።

ጀናዛው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ሊሰግዱባት ሲሉ የበኩር ልጇ ፊት ለፊት ቆመ። ወጉ ነው፤ ሟች ያለ ሰው ሐቅ እንዲሄድ ቤተሰቡ አውፍታ ይጠይቃል። «እናቴ የበደለችው ሰው ካለ ለአላህ ብሎ አውፍ ይበላት» አለ።

«አውፍ ብለናል!» አለ ሰዉ ሁሉ።

እኔም አልኩ። «አውፍ ብለናል» አልኩ፣ ከሰው ጋር፣ ጮክ ብዬ። እኔ! ለማን ነው አውፍ ያልኩት? ለእሷ? ምን በድላኝ? በአባቴ ስም ዱዓ አድርጋ? ወደ ፊት ወጥቼ «ቆዩ፣ ሐቁ ያለው እሷ ጋ ነው፣ ባለዕዳው እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፣ እኔ ግን ከሰው መሀል ሳልወጣ ቀረሁ። አብዲ አጠገቤ ነበር፣ በከዘራ። «ደግ ነበረች፤ አንተንም በጣም ነበር የምትወድህ» አለኝ።

ከቀብር መልስ ለአብዲ ነገርኩት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አልነገርኩትም። ነገ ግን ይህን የጻፍኩትን ልጇ ፊት ተቀምጬ አነብለታለሁ፤ ከዚያም አብዲ ጋ እሄዳለሁ። እትዬ ብርቄ የለችም። ልጇ አውፍ ሊለኝ ይችላል፣ ላይለኝም ይችላል፤ ሁለቱም ሐቁ ነው። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ አልነበርኩም። ዘመኑ አልልም። አባቴን ስለምወድ ነው ብዬም ልልህ አልፈልግም፣ ምንም እንኳ እውነት ቢሆን። ኢፍቱም አባቷን ትወድ ነበር።

አንተንም አውፍ በለኝ አልልህም፤ ባለሐቁ አንተ አይደለህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይህን ጽሑፍ የከፈትከው ማንንም ሳታስፈቅድ ነው፣ የማንንም ስም አስቀድመህ ሳትጽፍ። ያኔ ያወጣኋትን መስመር እዚህ መልሼ አስገብቻታለሁ። መጋላ ውስጥ ሙሳ የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር፣ ቀን ለጠፋበት ሰው ሁሉ ቀኑን የሚነግር። አላህ ይማረው በልልኝ፤ በሃይማኖትህ እንደምትለው በለው። ልጁን ኢፍቱንም ጨምርልኝ። የእኔን አባት ዝለለው፤ እሱ እስከዛሬ የሙሳን ሲወስድ ነው የኖረው።